ወርቅ ሳይኖር ወርቅ ማሳየት
በኮምፒዩተር የሚያብረቀርቅ ጌጥ ስለ መሥራት

የትምህርቱ ዓመት ወደ መገባደጃው ሲቃረብ በየፋኩልቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወርቅ ይበዛል። የምርቃት በዓል ጥሪ፥ የክበባት የምስጋና ወረቀት፥ የግጥም ምሽት ማስታወቂያ፥ ሁሉም በወርቅ ፊደል ተጽፎ በወርቅ ሐረግ ተከቦ ይወጣል። ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ግን አብዛኛው ወርቅ ወርቅ አይመስልም፤ እርድ ይመስላል፤ አንዳንዱም የሰናፍጭ መልክ አለው። ሠሪው ትጋት ጐድሎት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰዓት እንደ ደከመበት ከሥራው ያስታውቃል። የጐደለው ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

«ይህ የኮምፒዩተር ተማሮች ሥራ ነው፤ እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሮች ምን አገባን?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። በዚህ አሳብ አንስማማም። የሥዕል ማረሚያ ሶፍትዌር የቱንም ያህል ብዙ ትእዛዝ ቢያውቅ ወርቅ ለዓይን ምን እንደሚመስል ለሠሪው አይነግረውም። ያ የማየት ጉዳይ ነው፤ ስለዚሁም ጉዳይ ሠዓልያን መከራከር ከጀመሩ ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሌዎን ባቲስታ አልቤርቲ የተባለው ኢጣልያዊ በ1435 ስለ ሥዕል ጥበብ አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን ሠዓሊው ወርቅ ማሳየት ሲፈልግ እውነተኛውን ወርቅ እንደ ቅጠል ቀጥቅጦ በሰሌዳው ላይ ይለጥፍ ነበር። አልቤርቲ ይህን አልወደደውም። ምክንያቱም የተለጠፈው ወርቅ በሥዕሉ ውስጥ መብራት በሚገባው ቦታ ለተመልካቹ ጨለማ ሆኖ ይታያል፤ መጥቆር በሚገባው ቦታ ደግሞ ያበራል። ስለዚህ የወርቅን ጮራ በተራ ቀለም አስመስሎ የሚሥል ሰው የበለጠ ምስጋና ይገባዋል አለ። የዚህን ነገር እውነትነት ለማየት የሚፈልግ ያን ቫን ኤይክ በ1434 የሣለውን፥ ዛሬ በሎንዶን ናሽናል ጋለሪ የሚገኘውን የአርኖልፊኒን ሥዕል ይመልከት። ኮፒው በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። በባልና ሚስቱ መካከል ከጣራው ላይ አንድ የናስ መቅረዝ ተንጠልጥሏል። ናሱ የዘይት ቀለም ነው። ሥዕሉን አጉልታችሁ መቅረዙን ብትመረምሩ የምታገኙት ቡናማ፥ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ጥላ፥ የደበዘዘ ቢጫ፥ እንዲሁም እዚህና እዚያ ጣል ጣል የተደረጉ እጅግ የገረጡ ነጥቦች ናቸው። ደማቅ ቢጫ በብዛት አታገኙም።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንድ የታጠበ የብረት ማንኪያ አንሡና ወደ መስኮት አዙራችሁ ተመልከቱ። ብረቱን አታዩም። የምታዩት መስኮቱን ነው፤ ከመስኮቱ ቀጥሎ የግድግዳውን ጥላ፥ ከዚያም የጠረጴዛውን ጠርዝ፥ በጐድጓዳው በኩል ደግሞ የራሳችሁን ፊት ተገልብጦ። ማንኪያውን ጥቂት ብታዘነብሉት መስኮቱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሮጣል። ይህንኑ በሸክላ ጀበና ብትሞክሩት አይሆንም። ጀበናው የመጣለትን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው፥ መልኩ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚያልፈው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ነው። የተወለወለ ብረት ግን ብርሃኑን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመልሰዋል። በዚህም የተነሣ ደማቁና ጨለማው በብረት ላይ እንደ ሁለት ጐረቤቶች አጥር ለአጥር ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የሚያስታርቅ የለም።

እንግዲህ በየሰሌዳው የምናየው ወርቅ እርድ የሚመስልበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ቢጫውን ከላይ ነጣ፥ ከታች ጠቈር አድርጎ በለስላሳ አሻግሮታል። ይህ የጀበና ሕግ ነው። የጀበናን ሕግ በቢጫ ቀለም የሠራ ሰው የሚያገኘው ቢጫ ጀበና ነው።

ይህን ለመመርመር የሚጠቅም አንድ ቀላል ፈተና አለ። ይህ መጽሔታችን፥ እንደምታውቁት፥ በአንድ ጥቁር ቀለም የሚባዛ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የሠራችሁትን ጌጥ ቀለሙን አጥፍታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። አሁንም ብረት ከመሰለ ሥራው ደህና ነው። አመድ ከመሰለ ግን ከመጀመሪያውም ወርቅ አልነበረም፤ ቢጫው ሲያታልላችሁ ቈይቷል ማለት ነው።

የኮምፒዩተር ሰዎችም ወደዚህ እውነት የደረሱት በደረጃ ነው። ቡዪ ቱዎንግ ፎንግ የተባለ ቬትናማዊ በ1975 ባሳተመው ጥናት አንድ አካል የሚያሳየውን ብርሃን በሦስት ከፈለው፤ ይኸውም ከአካባቢው በጠቅላላ የሚደርሰው፥ አካሉ የሚበትነው፥ ሦስተኛውም በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚያብረቀርቀው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1976 ጀምስ ብሊንና ማርቲን ኒውዌል የአካባቢውን ሥዕል ራሱን በአካሉ ላይ ማንጸባረቅ እንደሚቻል አሳዩ፤ ይህ ከላይ የተናገርነው የማንኪያው ነገር ነው። ነገር ግን በኮምፒዩተር የሚሠሩት ዕቃዎች አሁንም ፕላስቲክ እየመሰሉ አስቸገሩ። ሮበርት ኩክና ኬኔት ቶራንስ በ1982 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን አስረዱ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ በአምፑል ሥር ብታስቀምጡ የሚያብረቀርቀው ነጥብ ነጭ ነው፤ የአምፑሉን ቀለም እንደያዘ ይመለሳል። የወርቅ ቀለበት ላይ ግን የሚመለሰው ብርሃን ራሱ ወርቃማ ነው። ነጭ ነጥብ በቢጫ ላይ የሚጥል ሠሪ ሳያውቀው የፕላስቲክ ባልዲ እየሣለ ነው።

የወርቅ ቀለም ከየት እንደሚመጣም ባጭሩ እንናገር። ብር የሚያርፍበትን የሚታይ ብርሃን ሁሉ አስተካክሎ ስለሚመልስ ገለልተኛ ሆኖ ይታያል። ወርቅ ግን ሰማያዊውን ይውጠዋል። የኮምፒዩተር ሥዕል ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ግምት ቀዩን ብርሃን ሙሉ በሙሉ ለማለት ያህል፥ አረንጓዴውን ሦስት አራተኛ ያህል፥ ሰማያዊውን አንድ ሦስተኛ ያህል ይመልሳል። ከዚህ አንድ ደስ የሚል ውጤት ይወጣል። በጌጡ ስንጥቅና ጐድጓዳ ውስጥ ብርሃን ከወርቅ ወደ ወርቅ ሁለት ጊዜ ይነጥራል። ያን ጊዜ ከሰማያዊው የሚተርፈው ከዘጠኝ አንድ እጅ ብቻ ሲሆን፥ አረንጓዴው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ቀዩ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የወርቅ ጥላ ወደ ግራጫ አይሄድም፤ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ጥላውን ጥቁር በመጨመር ብቻ የሚያጠቍር ሠሪ ወርቁን ያቈሽሸዋል። በኢንተርኔት የቀለም ስም ዝርዝር «ወርቅ» የተባለውም ቀለም ቀይ 255፥ አረንጓዴ 215፥ ሰማያዊ 0 ነው። ይህን ብቻውን በሰፊ ቦታ ላይ ቀቡትና የእንቁላል አስኳል እንጂ ወርቅ ታዩ እንደ ሆነ ፍረዱ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፎቶሾፕን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች በ1987 የጀመሩትን አዶቢ ኩባንያ በ1990 ለገበያ አውጥቶታል። ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ የሚሆን አይደለም። ጊምፕ የተባለው በነጻ የሚገኝ ሲሆን፥ በ1995 የጀመሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ነበሩ። የእኛ ብጤ ተማሮች የሠሩትን እኛ ብንጠቀምበት የሚገባ ስለሚመስለን፥ የምንናገረውን በጊምፕ አስበነዋል፤ በፎቶሾፕም ከስሞች ልዩነት በቀር መንገዱ ያው ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ሐረግ ነው። በብራና መጻሕፍት ራስ ላይ እንደ ተክል ሐረግ እየተጠላለፈ የሚሣለውን ጌጥ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጸሐፊዎቹ በጥቁር፥ በቀይ፥ በቢጫና በመሰለው ቀለም ሲሠሩት ብረት ለማስመሰል አልደከሙም፤ ማማሩም አልቀረም። ስለዚህ ሐረግን ሁልጊዜ ወርቅ እናልብሰው ማለታችን አይደለም። ለትምህርት የመረጥነው ክሩ በክሩ ላይ ሲያልፍ ብርሃንና ጥላን በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

አንጥረኛው ነሐስ መስቀል ሲያወጣ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያፈስሰውና በባዶው ቦታ ነሐሱን ይሞላል። በኮምፒዩተርም ሥርዓቱ ይህንኑ ይመስላል። ሰሙን ሳይሠራ ወደ ወርቁ የሚሮጥ ሰው ምን ውስጥ ሊያፈስሰው ነው?

ሰሙ እንዲህ ነው። ለአንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ቢታሰብ 2480 በ3508 ፒክስል የሆነ ባዶ ገጽ ክፈቱ። ሐረጉን በጥቁር ላይ በነጭ ሣሉ፤ የክሩ ውፍረት 60 ፒክስል ያህል ይሁን። አንዱ ክር በሌላው ሥር በሚያልፍበት ቦታ የሥረኛውን ክር ከሁለቱም ወገን 6 ፒክስል ያህል ቈርጣችሁ ክፍተት ተዉ። ይህን የተዘነጋ ሐረግ በኋላ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ የተጠላለፈ ሳይሆን የተቀቀለ ፓስታ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ይህን ሌየር ቅዱትና ቅጂውን ጋውሲያን ብለር በተባለው ትእዛዝ በ15 ፒክስል አደብዝዙት። ማደብዘዙ ከጠርዝ ውጭ ስለሚፈስስ የመጀመሪያውን ቅርጽ ማስክ አድርጋችሁ ከርክሙት። አሁን የቀረው ግራጫ ሥዕል የከፍታ ካርታ ነው፤ የነጣው ከፍ ያለ፥ የጠቈረው ዝቅ ያለ ማለት ነው። ክሩ መካከሉ ጐበጥ፥ ዳሩ ሸርተት ያለ፥ ማቋረጫው ላይ ሰጠም ያለ ሆነ።

ቀጥሎ በምፕ ማፕ የሚባለው ትእዛዝ ይህን የከፍታ ካርታ አንብቦ ብርሃን ያሳርፍበታል። ብርሃኑ ከላይ ከግራ ይምጣ። ይህን በልማድ የምንናገረው አይደለም። የሰው ዓይን ብርሃን ከላይ ይወርዳል ብሎ ስለሚገምት፥ ብርሃኑ ከታች የተደረገ እንደ ሆነ ያበጠው የሰረጐደ፥ የሰረጐደውም ያበጠ መስሎ ይታያል። የሠራችሁትን ሥዕል ገልብጣችሁ ብታዩት ሐረጉ በገጹ ውስጥ የተቈፈረ ቦይ ይሆናል። በአንድ ገጽ ላይ ያሉ ጌጦች ሁሉ ብርሃናቸው ከአንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። ዐርማው ከግራ፥ ፊደሉ ከቀኝ የበራበት ማስታወቂያ አይተናል፤ በሁለት ፀሐይ ሥር የተሠራ ይመስላል።

እስካሁን ያገኘነው የሳሙና ሐረግ ነው፤ ለስላሳ፥ ግራጫ፥ ሕይወት የሌለው። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ቢጫ ይቀቡና ያቆማሉ። እኛ ግን ዋናው ሥራ አሁን ይጀመራል እንላለን። ከርቭስ የተባለውን ትእዛዝ ክፈቱ። ከግራ ከታች ወደ ቀኝ ወደ ላይ የወጣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይታያችኋል። በመስመሩ ላይ አራት ወይም አምስት ነጥብ አድርጉና አንዱን ወደ ላይ፥ ቀጣዩን ወደ ታች፥ የሚቀጥለውን እንደገና ወደ ላይ ሳቡት፤ መስመሩ የተራራና የሸለቆ መልክ ይይዛል። በዚህ ጊዜ በሥዕሉ ላይ የሚሆነውን በቃል ከመናገር ማየት ይሻላል። ከጨለማ ወደ ብርሃን በዝግታ ይሄድ የነበረው ጐባጣ አሁን ጨለማ፥ ብርሃን፥ ጨለማ፥ ብርሃን እያለ ይፈራረቃል። ሳሙናው በአንድ ጊዜ ብረት ይሆናል። ያ የብርሃኑ ዘለበት ሰማይ ነው፤ ቀጭኑ ጨለማ አድማሱ፥ ከሥሩ ያለው መካከለኛው ብርሃን ምድር ነው። ማንኪያው ያሳየን የነበረውን አካባቢ በአንድ መስመር መጐበጥ ሠራነው ማለት ነው። ነጥቦቹን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ጊዜ ስጡት፤ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን ሰዓት እዚህ ላይ ብታጠፉ አይበዛም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ሊያጋጥም ይችላል። ሥዕሉ በ8 ቢት የተከፈተ እንደ ሆነ ከጥቁር እስከ ነጭ ያሉት ደረጃዎች 256 ብቻ ናቸው። ከርቩ ሲቆም ጥቂቶቹ ደረጃዎች በብዙ ቦታ ላይ ስለሚለጠጡ፥ ብረቱ ላይ እንደ እርከን እርሻ ያለ መስመር ይወጣል። ጊምፕ በ2018 ከወጣው 2.10 ወዲህ በ16ና በ32 ቢት መሥራት ስለሚችል፥ ከመነሻው በዚያ መክፈት ይህን ችግር ያስወግዳል።

ወርቁን የምናፈስሰው አሁን ነው። ግራዲየንት ማፕ የተባለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ የግራጫ ደረጃ አንድ ቀለም ይሰጣል። ለጨለማው ቀይ 38፥ አረንጓዴ 18፥ ሰማያዊ 4 ስጡት፤ ለጥላው 120፥ 70፥ 14፤ ለመካከለኛው 206፥ 158፥ 52፤ ለብርሃኑ 246፥ 220፥ 140፤ ለመጨረሻው ጫፍ 255፥ 250፥ 228። ጥላው ቡናማ መሆኑን፥ የብርሃኑም ጫፍ ፍጹም ነጭ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ከላይ ስለ ጐድጓዳውና ስለ ባልዲው የተናገርነው በእነዚህ ቍጥሮች ውስጥ ነው። ቍጥሮቹ ግን ሕግ አይደሉም። ጨለማውን ወደ ሰማያዊ ግራጫ፥ ብርሃኑን ወደ ነጭ ብትወስዱት ያው ሐረግ ብር ይሆናል፤ መካከሉን ወደ ቀይ ብትስቡት መዳብ ነው። ቅርጹ ሳይነካ ማዕድኑ ይለወጣል።

የቀረው ማጠናቀቂያ ነው። የሐረጉን ጥላ በመልቲፕላይ ሌየር ከሥሩ አሳርፉ፤ ጥላ የሌለው ጌጥ በገጹ ላይ አይቀመጥም፤ ይንሳፈፋል። መደቡ አረንጓዴ ከሆነ በክሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት አረንጓዴ ጣል አድርጉ፤ ብረት ጐረቤቱን ሳያሳይ አይቀርምና። ከደማቆቹ ነጥቦች ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጣችሁ፥ ቀድታችሁ፥ አደብዝዛችሁ በስክሪን ሌየር መልሱአቸው፤ ቀለል ያለ ጮራ ይወጣቸዋል። ኮከብ የመሰለ ባለ ብዙ ጨረር ብልጭታ በየጥጉ መርጨትን ግን አንወድም። ያ ኮከብ የካሜራው ጠባብ ቀዳዳ የሚፈጥረው እንጂ የወርቁ አይደለም። ሲበዛም ገጹን የሠርግ ቤት መብራት ያስመስለዋል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በአንድ ጠቅታ ወርቅ የሚያደርግ የተዘጋጀ ስታይል ከኢንተርኔት ይወርድ የለምን?» የሚለን አይጠፋም። ይወርዳል። ነገር ግን ያ ስታይል ልኩ በፒክስል የተወሰነ ነው። ለትንሽ ፊደል የተሠራውን በትልቅ ፊደል ላይ ስታደርጉት ጠርዙ ብቻ በቀጭኑ ይበራና መካከሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ በየሰሌዳው የምናየው አብዛኛው እርድ የዚህ ልጅ ነው። ዛሬ ለማሽን በቃል ተናግሮ ሥዕል ማስወጣትም ተችሏል። የወጣውን አይቶ ክሩ በትክክል ማለፉን፥ ብርሃኑ ከአንድ ወገን መምጣቱን የሚፈርደው ግን ያው የሰው ዓይን ነው።

ስለ ማተም ሳንናገር አንለፍ፤ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብና ብዙ ኀዘን ያለው እዚያ ነው። የኮምፒዩተሩ ገጽ ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ወረቀት ግን አይሰጥም። በተራው አራት ቀለም ሲታተም ወርቁ ደብዘዝ ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመታተሙ በፊት በብርሃኑና በጥላው መካከል ያለውን ልዩነት ጥቂት ማጠንከር ይገባል። ከዚህም ጋር የታተመ ወርቅ አይንቀሳቀስም። ወረቀቱን ብታዘነብሉት ነጥቡ ባለበት ይቆማል። በሙቀት የሚለጠፈው የብረት ፎይል ግን እንደ ማንኪያው ብርሃኑን ከዳር ዳር ያሯሩጠዋል። ይህን ማወቅ ለጌጥ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ፎይል እንዲኖረው የሚጠበቅ የወርቅ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ሲቀርብላችሁ አዘንብሉት፤ ብርሃኑ ካልሄደ በፕሪንተር የተሣለ ነው። እኛ ከላይ የዘረዘርነውን ጥበብ ለዚህ የሚያውሉት ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ በራሱ ልፋት ዲግሪ የሚይዘውንም ተማሪ ሥራ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ የሚያስጠረጥሩት እነርሱ ናቸው።

ማኅበራችሁ ገንዘብ ኖሮት በእውነተኛ ፎይል የሚያሳትም ከሆነ፥ ማተሚያ ቤቱ ጥላውን፥ ከርቩን፥ ግራዲየንቱን አይፈልግም። ብርሃኑን ፎይሉ ራሱ ስለሚያመጣው የሚጠይቃችሁ ጠርዙ የጠራ፥ ግራጫ የሌለበት፥ በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሣለ ቅርጽ ነው። ይኸውም ከሁሉ አስቀድመን የሣልናት የመጀመሪያዋ ሌየር ናት፤ ፋይሉን ስታስቀምጡ እርሷን አታጥፏት።